የሀገረ ስብከትን ድረ ገጽ በምእመኑ ጥያቄ ዙሪያ እንደገና ማደራጀት፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እናቱ ያረፉበት ልጅ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ስለ ድንኳን እየተወራ ነው። ልጁ ግን ያደገው ውጭ አገር ነው። ፍትሐት እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ማን ዘንድ እንደሚኬድ አያውቅም። ሰው መጠየቁም ከብዶታል። ስለዚህ የሀገረ ስብከቱን ድረ ገጽ ይከፍታል።

መጀመሪያ የሚመጣለት የሥራ አስኪያጁ መልእክት ነው። ቀጥሎ ያለፈው ዓመት ጉባኤ ፎቶዎች። ከዚያ «መምሪያዎች» የሚል ሜኑ። ሲነካው ረጅም ዝርዝር ይወርዳል። ፍትሐት የቱ ውስጥ ነው? ስብከተ ወንጌል? የካህናት አስተዳደር? ሁለቱንም ይነካል። የመምሪያው ራእይና ተልእኮ ይወጣለታል። ልጁ ስልኩን ያስቀምጣል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ልጅ ከዐይኔ ስለማይጠፋ ነው። እኔ በበጎ ፈቃድ በአንድ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ተቋም ድረ ገጽ ላይ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ዲዛይኑን ብቻ ቀየርን። ቀለሙ አማረ፣ ፎቶው ተለቀ። ወደ ቢሮው የሚደወለው ስልክ ግን ያው ነበር፤ ጥያቄውም ያው። ችግሩ መልኩ አልነበረም። ድረ ገጹ የተደራጀው ቢሮው በተደራጀበት መንገድ ነበር። ምእመኑ ደግሞ መዋቅር ይዞ አይመጣም። ጉዳይ ይዞ ነው የሚመጣው።

ምሳሌዎቼ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ የማውቀው ቤት እሱ ነውና። የሌላ ቤተ እምነት ድረ ገጽ የያዛችሁ የጉዳዮቹን ስም ቀይራችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። አካሄዱ አንድ ነው።

አካሄዱ በሌላ ቦታም ተሞክሯል። የእንግሊዝ መንግሥት በ2012 እ.ኤ.አ. ጎቭ ዩኬ የተባለውን ድረ ገጽ ሲከፍት፣ ቀስ በቀስ በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትኖ የነበረውን ወደ አንድ ሰበሰበው። መኪና ያለው ሰው የመንገድ ግብር ለመክፈል የትኛው ሚኒስቴር እንደሚመለከተው ማወቅ አያስፈልገውም። ቡድኑ ያወጣው የመጀመሪያ መርሕም «ከተጠቃሚው ፍላጎት ጀምሩ» የሚል ነበር፤ የመንግሥት ፍላጎት እንዳልሆነም አብሮ ተጽፏል። እኛም የምንፈልገው ይኸው ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ደብተር ግዙ

ኮምፒውተር ገና አትክፈቱ። ደብተር ገዝታችሁ ስልክ ለምታነሳው ሠራተኛ ስጧት። ለ2 ሳምንት የተጠየቀችውን ሁሉ ትጻፍ። አደራ፣ በጠያቂው ቃል ይሁን። ሰውየው «የልጄን የክርስትና ወረቀት ጠፍቶብኝ ነበር» ካለ እንደዚያው ይጻፍ። «የማስረጃ ጥያቄ» ተብሎ ከታጠረ የምንፈልገው ነገር ጠፋ ማለት ነው። ያ ሰው ነገ ጎግል ላይ የሚጽፈው «የክርስትና ወረቀት» ብሎ ነው።

ከእሷ ሌላ ማን አለ? የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢዎች አሉ። የቴሌግራም ግሩፑን የሚያስተዳድረው ልጅ አለ፤ ወደ ኋላ ሄዳችሁ የ6 ወር ጥያቄዎችን ከዚያ ልቀሙ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የግቢውን ጥበቃ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አጠገባቸው ተቀመጡ። «አባቴ፣ ክርስትና የሚያስነሳ ሰው የት ይጠይቅ?» «ልጄ፣ ጠበሉ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» የሚለውን ሁሉ የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። ደግሞ ማንንም ወደ «መምሪያ» አይልኩም። «በዚህ ታጠፍ፣ ዛፉ ጋ አንድ ዲያቆን ታገኛለህ» ነው የሚሉት። ጥሩ ድረ ገጽ የእኚህን ሰው ሥራ ነው የሚሠራው።

ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ። ጎግል ሰርች ኮንሶል የሚባለው ነፃ መሣሪያ ሰዎች ምን ብለው ፈልገው ወደ እናንተ እንደመጡ ያሳያል። የድረ ገጹ የራሱ መፈለጊያ ሳጥን ካለም የተጻፈበትን አውጡ። በተለይ መልስ ያጡትን ፍለጋዎች ተመልከቱ።

የጥያቄው ዓይነት እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ሌላ። የ2 ሳምንቱ ደብተር የተያዘው ከዐቢይ ጾም በፊት ከሆነ የሠርግ ጥያቄ ይበዛዋል፤ ሰው ጾሙ ሳይገባ ለመጋባት ይጣደፋልና። ስለዚህ የዓመቱን ዙር የሚያውቅ አንድ አገልጋይ አጠገባችሁ አስቀምጡና «በሌላው ወር ምን ይጠየቃል?» በሉት።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን የሰው ጉዳይ አድርጋችሁ ጻፉ

አሁን ምናልባት 200 ወይም 300 ጥያቄ በእጃችሁ አለ። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጉ። ከዚያ እያንዳንዱን ክምር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ማን ነው? ምን ማድረግ ፈለገ? ለምን?

«ውጭ አገር የምትኖር እናት ነኝ። ሴት ልጄን በ80 ቀኗ ክርስትና ማስነሳት እፈልጋለሁ፤ ቅርቤ ያለውን ቤተ ክርስቲያንና የሚያስፈልገኝን ነገር ልወቅ።»

«በተክሊል ልንጋባ ነው። እሷ ከሌላ አጥቢያ ናት። ከአጥቢያዋ ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደምናመጣ ልወቅ።»

«ንስሐ አባት የለኝም። እንዴት እንደሚያዝ ማፈር ሳይኖርብኝ ልወቅ።»

ሦስተኛዋን ልብ በሉልኝ። ሰው ቢሮ ደውሎ አይጠይቃትም፤ ያፍራል። ደብተሩ ላይ አትገኝም ማለት ነው። የምትገኘው ሌሊት በተደረገ የጎግል ፍለጋ ላይ ነው። ድረ ገጹ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ክምሮቹን በሚጠየቁበት ብዛት ደርድሩ። ጥቂቶቹ አብዛኛውን ጥያቄ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ቅዳሴ ስንት ሰዓት ነው፣ ጾሙ መቼ ይገባል፣ ክርስትና፣ ጋብቻ፣ ፍትሐትና ተዝካር፣ ማስረጃ፣ በቅርብ ያለ ቤተ ክርስቲያን። ብዛት ብቻውን ግን አይበቃም። ፍትሐት በቁጥር ከቅዳሴ ሰዓት ያንሳል፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከብዛቱ ጎን «ቢዘገይ ምን ይሆናል?» የሚል ሌላ ዓምድ ጨምሩ።

ደረጃ 3፦ ያለውን ቁጠሩ

ይህ አሰልቺ ነው፤ ግን አይዘለልም። በኤክሴል ላይ እያንዳንዱን ገጽ በአንድ መስመር መዝግቡ። አድራሻው፣ ርእሱ፣ መጨረሻ የታደሰበት ቀን፣ በወር ስንት ሰው እንደሚያየው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ከደረጃ 2 የትኛውን ጉዳይ እንደሚመልስ። በመጨረሻም ውሳኔው፦ ይቆይ፣ ይታረም፣ ከሌላ ጋር ይጠቃለል፣ ወደ መዝገብ ይግባ።

«ይሰረዝ» አላልኩም። በቤተ ክህነት ቤት ያ ቃል ከባድ ነው፤ ደግሞም ትክክል አይደለም። የቆየ ቃለ ጉባኤ፣ የቅዱስ ሲኖዶስ መግለጫ፣ የበዓል መልእክት ታሪክ ነው። ነገ ተመራማሪ ይፈልገዋል። «ቤተ መዛግብት» የሚል ክፍል ክፈቱና በዓመተ ምሕረት ደርድራችሁ አስገቡት። ከምእመኑ መንገድ ላይ ማንሳት እንጂ ማጥፋት አይደለም።

ስትቆጥሩ የሚያጋጥማችሁ ሌላ ጣጣ የቆየ ጽሑፍ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ሰነዶቻችን የሚተየቡት የየራሳቸው አሠራር ባላቸው ሶፍትዌሮች ነበር። እነዚያ ፋይሎች ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ፤ በፍለጋም አይገኙም። ፎቶ የተነሳ ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ፒዲኤፍ ቢሆንም ማሽኑ አያነበውም። ሁሉንም እንደገና መተየብ አትችሉም። ሰው በየቀኑ የሚጠይቃቸውን 10 ወይም 15 ሰነዶች ብቻ መርጣችሁ አስተይቡ። ቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ከነዚህ አንዱ ይሁን፤ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ይፈለጋል።

ደረጃ 4፦ ካርድ በጠረጴዛ ላይ

አሁን ጉዳዮቹን በቤተሰብ መመደብ ነው። ይህን በስብሰባ አትወስኑ። ምእመኑ ይመድበው።

ከ40 እስከ 50 ካርድ ቁረጡ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጉዳይ በሰው ቋንቋ ጻፉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ያዙ። ሰው አንድ በአንድ እየጠራችሁ «አብሮ የሚሄደውን አንድ ላይ አድርጉልን፤ ለየክምሩም ስም ስጡት» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ ማስረዳት ያምረናል። የድረ ገጽ አጠቃቀም አጥኚው ያኮብ ኒልሰን ለዚህ ሥራ 15 ሰው ይበቃል ይላል። እኔም ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ብዙም አላየሁም። 15ቱ ግን አንድ ዓይነት ሰው አይሁኑ። አንዲት እናት፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ፣ አማርኛ የሚሰማ ግን ማንበብ የሚከብደው የዳያስፖራ ልጅ፣ በቅርብ የተጠመቀ ሰው ይኑርበት።

እኛ ስናደርገው አንድ ነገር በጣም አስገረመኝ። እኛ «ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን» ብለን አንድ ላይ ያስቀመጥናቸውን ሰዎቹ በተኑት። ጥምቀትን ከሰንበት ትምህርት ቤትና ከልጆች መዝሙር ጋር አደረጉት። ተክሊልን ከአዳራሽ ኪራይና ከመሸኛ ደብዳቤ ጋር። ፍትሐትን ከ40 ተዝካርና ከመቃብር ቦታ ጋር። ትምህርቱን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ጉዳዩ በሕይወታቸው ውስጥ የሚመጣው በዚያ መልክ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 5፦ ሜኑውን ሥሩና በወረቀት ፈትኑት

ከካርዱ የሚወጣው ሜኑ ይህን ይመስላል፦

ልደት፣ ጋብቻ፣ ሐዘን
ቅዳሴ፣ በዓላትና አጽዋማት
ቤተ ክርስቲያን ፈልግ
ትምህርትና ስብከት
ማስረጃና ደብዳቤ
አሥራትና ስጦታ

ከእነዚህ በታች፣ በገጹ ግርጌ፣ «ስለ ሀገረ ስብከቱ» ይቀመጣል። መምሪያዎቹ፣ ታሪኩ፣ አባቶች፣ መግለጫዎች እዚያ አሉ። ጋዜጠኛና የቢሮ ባልደረባ እዚያ እንደሚፈልጋቸው ያውቃል።

ፈተናው ቀላል ነው። ሜኑውን በወረቀት ጻፉና ለሰው ስጡት። «አባትህ ዐርፈዋል፤ ፍትሐት ልትጠይቅ ነው፤ የቱን ትነካለህ?» በሉት። የነካው ትክክል ካልሆነ ሜኑው ነው የተሳሳተው። 10 ጉዳይ ለ5 ወይም ለ6 ሰው ብትፈትኑ የሚሰበረው ቦታ ይታያል። ኮድ ከመጻፍ በፊት ስለሆነ ማረም ምንም አያስከፍልም።

ደረጃ 6፦ የመምሪያ ኃላፊዎች

ሥራው የሚቆመው እዚህ ነው። ቴክኖሎጂው ቀላል ነው፤ ይህ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

አንድ መምሪያ ኃላፊ ከፊት ገጽ ላይ ስሙን ሲያጣ ሥራው የተናቀ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይሰማኛል። ስለዚህ ሜኑውን ሠርታችሁ በጉባኤ ላይ አትዘርጉት። በሰው ፊት ያስደነገጣችሁትን ሰው መልሳችሁ አታገኙትም።

መጀመሪያ ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ ግቡ። ቡራኬ ተቀበሉ፤ ፈቃዱም በደብዳቤ ይሁን። ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፦ «ብፁዕ አባታችን፣ ምእመኑ ሳይንገላታ ጉዳዩ እንዲፈጸምለት ነው።» ይህን የሚቃወም አባት አላየሁም። ከዚያ ወደ ኃላፊዎቹ አንድ በአንድ ሂዱ። ቢሯቸው ድረስ፣ በቀጠሮ። ንድፉን አታሳዩ፤ ደብተሩን አሳዩ። «በ2 ሳምንት ውስጥ የእርስዎን መምሪያ የሚመለከት ይህን ያህል ስልክ ተደውሏል» በሏቸው። ብዙዎቹ ስልኩ ያሰለቻቸው ናቸው። ጥያቄው በድረ ገጹ ቢመለስ የሚያርፉት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ የሚከፈት ቪዲዮ ያዙ። አንዲት እናት በስልኳ የክርስትና መረጃ ስትፈልግና ስታጣ፣ በፈቃዷ የተቀረጸ፣ 3 ደቂቃ። ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይበልጣል። አንድ ኃላፊ ይህን አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያ «እንግዲህ ልጄንም እንዲሁ ነው የምናንገላታት ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ዋና ደጋፊያችን ሆኑ።

በመጨረሻ ክብሩን መልሱ። «የክርስትና ገጽ ባለቤት የእርስዎ መምሪያ ነው፤ ያለ እርስዎ ፊርማ አንድ ቃል አይቀየርም» በሏቸው። በገጹ ግርጌም ስሙ ይጻፍ፦ «ይህን ገጽ የሚያዘጋጀው የ… መምሪያ ነው።» አሁን መምሪያው ማንም የማያነበው የራእይ ገጽ ሳይሆን ሺህ ሰው የሚጠቀምበት ገጽ ባለቤት ሆነ።

ስለ ፎቶም ላንሳ። የአባቶች ፎቶ ከፊት ገጽ ይውጣ ብላችሁ አትከራከሩ። ምእመኑም አባቱን ማየት ይወዳል። መጠኑ ላይ ብቻ ተስማሙ። ስልክ ሲከፈት ገና ሳይወርድ «ልደት፣ ጋብቻ፣ ሐዘን» የሚለው መታየት አለበት።

ደረጃ 7፦ አንድ ገጽ እንዴት ይጻፋል

ሜኑው ቢያምር ገጹ ውስጥ መልስ ከሌለ ዋጋ የለውም። የክርስትናን ገጽ እንውሰድ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «ጥምቀት ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሲሆን…»። ቀጥሎ 4 አንቀጽ ትምህርት ይመጣል። ትምህርቱ እውነትም ጠቃሚም ነው። እናቲቱ ግን የፈለገችው ሌላ ነበር። በአንድ እጇ ሕፃን አቅፋ በአንድ እጇ ነው የምታነበው።

እንዲህ ብትጽፉትስ፦

«ልጅዎን ክርስትና ለማስነሳት

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ቀኑን ለማወቅ የልደቱን ዕለት እዚህ ያስገቡ።

ቀኑ ቢያልፍም አይጨነቁ። ካህኑን ያነጋግሩ፤ ልጅዎ ይጠመቃል።

1. ቤተ ክርስቲያንዎን ይምረጡና ለጽሕፈት ቤቱ አስቀድመው ይንገሩ።
2. ለወንድ ክርስትና አባት፣ ለሴት ክርስትና እናት ይምረጡ።
3. በዕለቱ ልጁን ጡት ሳይጠባ ይዘው ይምጡ፤ ከጥምቀቱ በኋላ ይቆርባልና።
4. ከጥምቀቱ በኋላ የክርስትና ማስረጃውን ከጽሕፈት ቤቱ ይቀበሉ።

ይህ ማስረጃ ከመንግሥት የሚሰጠውን የልደት ምስክር ወረቀት አይተካም።»

ሙሉው ትምህርት ከዚህ በታች በሊንክ ይቀመጣል፤ ማንበብ የፈለገ ይገባበታል። ቃል በቃል የሚጸድቀው ደግሞ በሊቃውንቱ ነው። እናንተ የምትጽፉት ረቂቅ ነው። «አይጨነቁ» የምትለዋን ቃል ግን እንዳይቆርጧት ለምኑልኝ። ዘግይተናል ብለው አፍረው የቀሩ ወላጆችን አውቃለሁ።

የሐዘኑን ገጽ ከሁሉም አሳጥሩት። መጀመሪያ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይበል። ከሥሩ ሲነካ የሚደወል ስልክ ቁጥር። ከዚያ 3 ወይም 4 መስመር፦ ለማን እንደሚነገር፣ የሟች ስመ ክርስትና እንደሚያስፈልግ፣ ንስሐ አባት ካላቸው አስቀድሞ እንዲነገራቸው። በቃ። ተዝካሩ በሌላ ገጽ ይሁን፤ የዚያ ሌሊት ጥያቄ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ቀንና ሰዓት

ይህ የእኛ ቤት ልዩ ጣጣ ነው፤ የውጭ አገር መመሪያ አይነግራችሁም።

ዋሽንግተን ላይ «ቅዳሴ እሑድ ጠዋት 11 ሰዓት» ብላችሁ ብትጽፉ ግማሹ ሰው በንጋት ይመጣል፤ ግማሹ ረፋድ ላይ ደርሶ ቅዳሴው አልቆ ያገኘዋል። ሁለቱንም ጻፉ፦ «ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 5፡00»። የማሕሌት ሰዓት ደግሞ ከዚህም ይከፋል። «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» ሲባል ለእኛ ቅዳሜ ያደረው ሌሊት ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግን እሑድ ሆኗል። «ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለው የቆየ አነጋገራችን ጥያቄ አያስነሳም። እሱኑ ተጠቀሙ።

ቀኑም እንዲሁ። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ነው፤ በውጭው አቆጣጠር ግን ጃንዋሪ 19፣ በ4 ዓመት አንዴ ጃንዋሪ 20 ይውላል። ገና በተቃራኒው ጃንዋሪ 7ን አይለቅም፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29፣ በ4 ዓመት አንዴ ታኅሣሥ 28 ይሆናል። ፈረቃ ለመቀየር አለቃውን የሚያስፈቅድ ሰው ይህን በቁርጥ ማወቅ አለበት።

ተንቀሳቃሾቹን በዓላትና አጽዋማት በተመለከተ የባሕረ ሐሳብን አቆጣጠር የሚያስተምር ገጽ ይኑራችሁ፤ ደስ ይላል። የፊት ገጹ ግን ቁርጡን ይናገር። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በ2018 ደግሞ መግቢያው የካቲት 9፣ ፋሲካው ሚያዝያ 4 ነው። ሰው የባሕረ ሐሳቡን ቁጥሮች፣ መጥቅዕና አበቅቴን፣ እንዲያሰላ አታስገድዱት። የ3 ዓመቱን አስቀድማችሁ አስልታችሁ አስቀምጡ፤ ስልክ ላይ ባለው ካሌንደር የሚገባ ፋይልም አያይዙ።

ደረጃ 9፦ ፍለጋና ፊደል

አንድ ሰው «ጸበል» ይላል፣ ሌላው «ፀበል»፣ ሌላው «ጠበል»። «ዐቢይ ጾም» የሚለውን ብቻ ውሰዱ። መነሻው በዐ፣ በዓ ወይም በአ ይጻፋል። ቢ ወይም ብ ይሆናል። ጾ ወይም ፆ ይሆናል። ሲባዛ 12 አጻጻፍ ነው። መፈለጊያው አንዱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ለብዙው ሰው «ምንም አልተገኘም» ይላል።

መፍትሔው ለፕሮግራመሩ ቀላል ነው። ሲፈለግ ብቻ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንደ አንድ ይታዩ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ፤ ሀና ሃ፣ አና ኣም ይጠቅለሉ። በገጹ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ግን የሊቃውንቱን አጻጻፍ ይጠብቅ። ከዚያ ተለዋጭ ቃላትን በዝርዝር አስገቡ፦ ክርስትና፣ ጥምቀት፣ ማጥመቅ። ለቅሶ፣ ቀብር፣ ፍትሐት። ቅዳሴን በላቲን ፊደል የሚጽፈውን ወጣትም አትርሱ። ደብተሩን ያስያዝናችሁ ለዚህም ነው።

ደረጃ 10፦ ቤተ ክርስቲያን ፈልግ

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በአቅራቢያቸው ያለውን አጥቢያ የሚፈልጉበት ራሱን የቻለ ድረ ገጽ አላት። መረጃውን የሚያስተካክለው እያንዳንዱ አጥቢያ ነው። ለእኛም የሚሆነው ይህ ነው። ማዕከሉ የመቶ አጥቢያን የቅዳሴ ሰዓት ተከታትሎ አይችልም። ከየአጥቢያው አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት መድቡ። መግቢያውን ስጡት። በየ3 ወሩ «አሁንም ትክክል ነው?» የሚል መልእክት ይድረሰው። መሙላት ያለበት ጥቂት ነገር ነው፦ የታቦቱ ስም፣ ቦታው በካርታ፣ ቅዳሴ፣ ንግሥ፣ ስልክ፣ የሚሰበክበት ቋንቋ። ሰው «ሰፈሬ» እንጂ «ወረዳ ቤተ ክህነቴ» ብሎ አይፈልግም፤ ስለዚህ በሰፈር ስምም ይገኝ።

ደረጃ 11፦ የሰውን ምሥጢር ጠብቁ

በድረ ገጹ ላይ የጸሎት ጥያቄ መቀበያ ይኑር ትባላላችሁ። ይኑር፤ ግን ስመ ክርስትና ብቻ ይጠይቅ። ሕመሙን፣ ኃጢአቱን፣ የቤቱን ጉዳይ የሚጽፍበት ሰፊ ሳጥን አታስቀምጡ። ኑዛዜ በፎርም አይደረግም፤ ይህንን በግልጽ ጻፉት። የማይሾልክ መረጃ በመጀመሪያ ያልተሰበሰበው ነው። ሕጉም አለ። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በአውሮፓ ሕግ ደግሞ የሰው እምነት ራሱ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። አውሮፓ ያላችሁ አጥቢያዎች የአባላትን ዝርዝር ከነስልኩ ድረ ገጽ ላይ አትለጥፉ።

ደረጃ 12፦ 5 ሰው፣ 5 ስልክ

ሲጠናቀቅ 5 ሰው ጥሩ። በራሳቸው ስልክ፣ በራሳቸው ዳታ ይሞክሩ። የቢሮው ዋይፋይ ያታልላችኋል። ገጹ ከባድ ከሆነ ክፍለ ሀገር ያለው ሰው አይከፈትለትም፤ ፎቶዎቹን አሳንሱ። ለእያንዳንዱ ሰው 5 ጉዳይ ስጡትና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። የተሰናከሉበትን አርሙና ሌላ 5 ሰው ጥሩ። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ለጥፋችሁም እዩት። ርእሱና ሥዕሉ በትክክል ይወጣል? አብዛኛው ሰው የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

ደረጃ 13፦ ሽግግሩ

በሰሙነ ሕማማት፣ በፍልሰታ ወይም በጥምቀት ዋዜማ አትቀይሩ። ሰው የሚበዛው ያኔ ነው፤ እናንተም ቤተ ክርስቲያን መሆን አለባችሁ። ሰከን ያለ ሳምንት ምረጡ። እያንዳንዱ የድሮ አድራሻ ወደ አዲሱ በቋሚነት እንዲመራ አድርጉ፤ ፕሮግራመሮች 301 ይሉታል። በደረጃ 3 የሠራችሁት ኤክሴል ለዚህ ይሆናል። ይህ ካልተደረገ በየቴሌግራሙ የተበተነው የዓመታት ሊንክ በአንድ ሌሊት ይሞታል።

ደረጃ 14፦ ከዚያ በኋላ

እያንዳንዱ ገጽ ባለቤትና የመታያ ቀን ይኑረው። የአሥራት ገጹ ላይ ያለው የባንክ ሒሳብና የቴሌብር ቁጥር በየወሩ ይታይ፤ በቤተ ክርስቲያን ስም የሚያጭበረብር ሰው አለና ለውጥ ሲኖር በ2 ሰው ፊርማ ብቻ ይሁን። የቀረው በዓመት 2 ጊዜ፣ አንዱ ከመስቀል በኋላ፣ ሌላው ከፋሲካ በኋላ ቢታይ ይበቃል።

ከ3 ወር በኋላ ስልክ ለምታነሳው ሠራተኛ ደብተሩን መልሱላት። አሁንም ለ2 ሳምንት ትጻፍ። ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። የክርስትናው ጥሪ ቀንሶ የመሸኛ ደብዳቤው ካልቀነሰ፣ በሚቀጥለው ሰኞ የምትቀመጡበት ገጽ የመሸኛ ደብዳቤው ነው።